ልጁ ሲንቀሳቀስ መዝገቡ የት ይቀራል?

በአገራችን ስለ ዲጂታል ትምህርት የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዕቃው ነው። ስንት ታብሌት መጣ? ስንት ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ገባለት? ስንት ኮምፒዩተር ተለገሰ? ርክክቡ ሲደረግ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ዜናው ይነበባል። ከዚያ በኋላ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ልጁ ፊደል የሚለይበት፣ ቁጥር የሚደምርበት የታብሌት ጨዋታ ውጤቱን የት ነው የሚጽፈው? ያ መዝገብ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው መሄድ ይችላል ወይ? ጨዋታውን ከሸጠው ወይም ከለገሰው ድርጅት ጋር የተገባው ውል ሲያልቅስ በእጃችን ምን ይቀራል?

እነዚህ ጥያቄዎች ሲታዩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጥያቄዎች ይመስላሉ። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የውል፣ የንብረትና የመብት ጥያቄዎች ናቸው። የሕግ ሰው ሆኜ ሳለሁ ስለ ትምህርት ጨዋታ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ጥያቄው ጎልቶ ከሚታይባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ደግሞ የአዋሽ ሸለቆ፣ በተለይም ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ያለው መስመር ነው።

ለምን አዋሽና ሰመራ?

አዋሽ ሰባት የባቡር ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጂቡቲ የሚሄደው መንገደኛ ለዘመናት የሚያርፍባት፣ አማርኛው፣ አፋርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማሊኛው በአንድ ገበያ የሚሰማባት ከተማ ናት። ሰመራ ደግሞ የክልሉን መቀመጫነት ከአይሳኢታ የተረከበች፣ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ማንም የማይደነቅባት አዲስ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ግመሉን፣ ከብቱንና ፍየሉን ይዞ ውኃና ግጦሽ እየተከተለ የሚኖር ሕዝብ አለ።

ለዚህ ሕዝብ መንቀሳቀስ የኑሮው ሥርዓት ነው። የአርብቶ አደሩ ልጅ በጥቅምት አንድ ቦታ ተመዝግቦ በየካቲት ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። በክልሉ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎችና ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤቶች የተጀመሩትም ይህን በመረዳት ነው። የኛ የትምህርት መዝገብ ግን የተሠራው ከአንድ ቀዬ ለማይነቃነቅ ገበሬና ከተሜ ልጅ ነው። ሮስተሩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ልጁ ይሄዳል።

በዚህ ላይ አደጋ ሲጨመር ችግሩ ይከፋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ምድሪቱ ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። ከመንቀጥቀጦቹ አንዳንዶቹ በመጠናቸው ከ5 በላይ ነበሩ። በአፋርና በአጎራባቹ የኦሮሚያ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተው በመጠለያ ሰፈሩ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። ከዚያ ቀደም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የክልሉ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። ከዚያም በፊት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በመላ አገሪቱ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ቤት ቀርተዋል።

እንግዲህ ለአብነት ያህል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናስብ። በአዋሽ ፈንታሌ በሚገኝ ትምህርት ቤት አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ባመጣው ታብሌት ላይ በጨዋታ መልክ ሒሳብ ትማራለች። ከአራት ወር በኋላ መደመርን ጨርሳ መቀነስ ላይ ደርሳለች። መበደር ስለሚያስፈልገው ቅነሳ ሲመጣ ግን ደጋግማ ትሳሳታለች። ታብሌቱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቤተሰቧ ተነስቶ ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት የሌላ ድርጅት ታብሌት፣ የሌላ ድርጅት ጨዋታ አለው። ልጅቱ ስሟ እንደ አዲስ ይጻፍና ከ"አንድ ሲደመር አንድ" ትጀምራለች። የተሳሳተችበትን ነጥብ የሚያውቀው ታብሌት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል። ልጅቱ ያጣችው የአራት ወር ድካሟን ነው፤ አዲሱ መምህሯ ያጣው ደግሞ ከየት መጀመር እንዳለበት ነው።

የሐዲዱ ስፋት

ችግሩ ስታንዳርድ ይባላል። ስታንዳርድ ምን እንደሆነ ለአዋሽ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከተማዋ ሁለት ዓይነት ሐዲድ ታውቃለችና። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮች ባቡር የሄደበት ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ደግሞ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የድሮው ፉርጎ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም። ጭነቱን ማውረድና እንደገና መጫን ግድ ይላል።

የትምህርት ጨዋታና የትምህርት መድረክም እንዲሁ ናቸው። ጨዋታው ፉርጎ ነው፤ ተማሪዎች የሚመዘገቡበት፣ ትምህርት የሚያገኙበትና ውጤታቸው የሚያዝበት የኦንላይን መድረክ ሐዲዱ ነው። ሁለቱ በአንድ ልክ ካልተሠሩ አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም። እንዲሄድ ከተፈለገም ለእያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው መሐንዲስ ተቀጥሮ፣ ገንዘብ ተከፍሎ ማያያዣ ይሠራል። ድሃ አገር ደግሞ ጭነት አውርዶ መጫኛ ገንዘብ የለውም።

አንባቢ ባቡሩ ሩቅ ምሳሌ ነው ቢል ቅርቡን ልጥቀስ። በኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ የጀመርንበትን ዘመን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት በፓወር ግዕዝ፣ ሌላው በቪዥዋል ግዕዝ፣ ሦስተኛው በሌላ ሶፍትዌር ይጽፍ ነበር። ከአንዱ ቢሮ በፍሎፒ የመጣ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ትርምስ ይሆናል። ሁሉም አማርኛ ጽፈዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን መነበብ አልቻሉም። ከዚህ ጣጣ መውጣት የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ተካቶ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ቁጥር ካገኘ በኋላ ነው። ዛሬ በስልካችን የምንጻጻፈው በዚያ ስምምነት ነው። ከስምምነቱ በፊት የተጻፈውና የመለወጫ መንገድ ያልተገኘለት ሰነድ ግን በየመዝገብ ቤቱ እንደ ሞተ ቋንቋ ተቀምጧል። በልጆቻችን የትምህርት መዝገብ ላይ ይህንኑ ስህተት መድገም የለብንም።

ጨዋታውና መድረኩ እንዴት ይነጋገራሉ?

በዓለም ላይ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጁ ስታንዳርዶች አሉ። ሦስቱን ማወቅ ለክርክራችን ይበቃል።

የመጀመሪያው ስኮርም ነው። መነሻው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ለወታደሮቹ የሚገዛቸው የኮምፒዩተር ትምህርቶች በየመድረኩ እንደ አዲስ መሠራታቸው ስላስመረረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረው ፕሮግራም የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው 1.2 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ትምህርቱ ወይም ጨዋታው ከነማውጫው በአንድ ጥቅል ይታሸጋል፤ መድረኩ ጥቅሉን ተቀብሎ ይከፍታል፤ ጨዋታው ሲያልቅ "ጨርሷል፣ ይህን ያህል ነጥብ አግኝቷል፣ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶበታል" ብሎ ይናገራል። ለፈተና ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለጨዋታ ግን አይበቃም። በእትም 1.2 ጨዋታው "እዚህ ደርሼ አቁሜያለሁ" ብሎ ለማስታወሻ የሚተወው ቦታ 4,096 ምልክት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ስኮርም የሚሠራው ልጁ በመድረኩ ውስጥ በኢንተርኔት መቃኛ ላይ ሆኖ ሲጫወት ነው። ኔትወርኩ ከተቋረጠ ወሬውም ይቋረጣል።

ሁለተኛው ኤክስኤፒአይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ ወጥቶ፣ በ2023 ደግሞ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር ስታንዳርድ ሆኗል። ይህኛው የሚመዘግበው ነጥብን ብቻ ሳይሆን ድርጊትን ነው። እያንዳንዱ መዝገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን፣ ምን አደረገ፣ በምን ላይ። "ልጅቱ የቅነሳ ጨዋታ ሦስተኛውን ደረጃ ሞከረች።" "ልጅቱ በሦስተኛው ሙከራ አለፈች።" ዓረፍተ ነገሮቹ በታብሌቱ ውስጥ ተጠራቅመው ኔትወርክ ሲገኝ ወደ መዝገብ ቋት ይላካሉ።

ለሕግ ሰው ደስ የሚያሰኙ ሁለት ነገሮች በዚህ ስታንዳርድ ውስጥ አሉ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ቀን ሊይዝ መቻሉ ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመበትና በቋቱ የተመዘገበበት። ውል የተፈረመበት ቀንና ውሉ የተመዘገበበት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ፍርድ ቤት የቆመ ሁሉ ያውቃል። ልጅቱ ሰኞ ግጦሽ ዳር ተጫውታ ታብሌቱ ኔትወርክ ያገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሆን፣ መዝገቡ የሰኞውን ቀን ይዞ ይገባል። ሁለተኛው፣ አንዴ የገባ መዝገብ በስርዝና በድልዝ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ስህተት ካለ "ያ መዝገብ ቀሪ ሆኗል" የሚል ሌላ መዝገብ ይጻፋል እንጂ የፊተኛው አይፋቅም። ደህና መዝገብ ቤት የሚሠራውም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ኤልቲአይ ነው። ጨዋታው በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ መድረኩ ተማሪውን እንደ ይለፍ ደብዳቤ ባለ ማረጋገጫ ወደ ጨዋታው ይልከዋል፤ ውጤቱም ተመልሶ ይመጣል። ተማሪው ለእያንዳንዱ ጨዋታ አዲስ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም። ኢንተርኔት አስተማማኝ በሆነበት፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኤልቲአይ ሊበቃ ይችላል። በዱለቻ ወይም በአዋሽ ፈንታሌ ለምትንቀሳቀስ ልጅ ግን ኢንተርኔት በሌለበት ጽፎ በኋላ የሚልከው ኤክስኤፒአይ ይሻላል። መታወቅ ያለበት ስታንዳርዱን የሚመርጠው የሻጩ ምቾት ሳይሆን የልጁ አኗኗር መሆን እንዳለበት ነው።

ዳጉ፦ አፋር የሚያውቀው ስታንዳርድ

እነዚህ የፈረንጅ አህጽሮተ ቃላት ለአፋር ምን ይፈይዳሉ የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ሐሳቡ ለአፋር ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው እላለሁ። ዳጉ አለና።

ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ የት ጠብ ተነሳ። ወሬው ሥርዓት አለው። ተናጋሪው ያየውን ካየው፣ የሰማውን ከሰማው ይለያል፤ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሐሰት ያወራ በማኅበረሰቡ ይነወራል። የተቀበለው ሰው ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሬዲዮና ስልክ በሌለበት በረሃ ውስጥ ወሬ በፍጥነትና በታማኝነት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ሰማህ። ይህ ስታንዳርድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዳጉ የሚሠራው ሁለቱ ሰዎች ስለሚተዋወቁ ወይም የአንድ ጎሳ ስለሆኑ አይደለም። የሚሠራው ሁለቱም የአለዋወጡን ሥርዓት ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ ለአፋር ልጆች የምናቀርባቸው ታብሌቶች ግን ዳጉ የማያውቁ እንግዶች ናቸው። አዋሽ ላይ ያለው ሰመራ ላይ ካለው ጋር ቢገናኝ የሚለዋወጠው ወሬ የለውም።

የቋንቋውም ነገር መታየት አለበት። አፋርኛ ዓፋር ፌራ በሚባለው የላቲን አጻጻፍ ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ የሚጠቀመው ተራዎቹን የላቲን ፊደላት ስለሆነ በየትኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ያለ ችግር ይገባል። በዓለም አቀፉ ባለ ሁለት ፊደል የቋንቋዎች መለያ ዝርዝር ውስጥ አፋርኛ የሚታወቀው በሁለት "ኤ" ፊደላት ሲሆን፣ በፊደል ተራ ከዝርዝሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ቋንቋ ነው። በኤክስኤፒአይ አንድ ጨዋታ አንድ ቋሚ መለያ ኖሮት ስሙ በአፋርኛም፣ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም ሊጻፍ ይችላል። በአፋርኛ ከሚያስተምር ጣቢያ ተነስታ አማርኛ ወደሚበዛባት አዋሽ የመጣች ልጅ የጨዋታው ስም ቢለወጥባትም መዝገቧ አይጠፋም።

ከፕላዝማ እስከ ወለንጭቲ

ወደ ኋላ ዞር ብለን የራሳችንን ልምድ እንመልከት። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ፕላዝማ የተባለውን ትምህርት በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሠራጨ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንዶች ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። ተማሪው ገባውም አልገባው ይቀጥላል። የፕላዝማ ትልቁ ጉድለት ከተማሪው ወደ አስተማሪው የሚመለስ ምንም ነገር አለመኖሩ ነበር። የጨዋታ ትልቁ በጎነት ደግሞ የሚመለስ ነገር መኖሩ ነው። ያንን የሚመለሰውን ነገር በየድርጅቱ ሳጥን ውስጥ ከቆለፍነው ግን ውድ የሆነ ፕላዝማ ገዛን ማለት ነው።

ሁለተኛው ልምድ ለአዋሽ መንገድ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጭቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ሰጠ። መንደሮቹ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። ልጆቹ በታብሌቱ ውስጥ የተጫኑትን ጨዋታዎችና ዘፈኖች ያለ አስተማሪ መጠቀም ጀመሩ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ እስከ መክፈት መድረሳቸውን በየመድረኩ ተናግሯል፤ ዓለምም ተደንቋል።

እኔን የሳበኝ ካሜራው አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ ወደ መንደሮቹ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ በሌላ ይቀይር ነበር። ካርዱ ልጁ ምን እንደነካ፣ ስንት ጊዜ እንደነካ ይዟል። ያ መዝገብ ለተመራማሪዎቹ ተላከ። ለጥናት የታሰበ ነበርና የሚጠበቅ ነው። ለእኛ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ኢንተርኔት የለም ማለት መዝገብ አይያዝም ማለት እንዳልሆነ። በመኪና የሄደ ሚሞሪ ካርድም መልእክተኛ ነው። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የሚሄደው ሥርዓቱን ያበጀው ሰው ወደ ወሰነለት ቦታ እንደሆነ። በወለንጭቲው መንደር የሚቀበል መምህር አልነበረም። በአዋሽና በሰመራ ግን መምህር አለ፤ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ፤ የክልል ቢሮ አለ። መዝገቡ በቅድሚያ ወደ እነሱ መሄድ አለበት።

በከፍተኛ ትምህርት በኩል ጅምሩ የተሻለ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የጀመረው የዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርት ፕሮግራም መነሻ ሐሳቡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በጋራ ሥርዓት ማገናኘት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ላይኛው ፎቅ እየተሠራ ነው ማለት ነው። ታችኛው ፎቅ፣ ማለትም የአንደኛ ደረጃው ልጅ የሚማርበት ጨዋታና ታብሌት፣ ለለጋሽ ፈቃድ የተተወ መሆን የለበትም።

ሕጉ ምን መሣሪያ ሰጥቶናል?

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ያሉት ይበቃሉ። የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር ሕግ፣ ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 አሁን ደግሞ በተተካው በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 አማካይነት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቴክኒክ መግለጫው የሚፈልገውን ነገር ዘርዝሮ እንዲገዛ መንገዱን አበጅቷል። "ታብሌት ከነጨዋታው፣ ብዛት 500" ብሎ ጨረታ ማውጣትና "ኤክስኤፒአይን የሚናገር፣ ኢንተርኔት በሌለበት የሚሠራ ጨዋታ" ብሎ ማውጣት በዋጋ ብዙ አይለያዩም ይሆናል፤ በውጤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ በዘፈቀደ የሚሰበሰብበትን ዘመን ለመዝጋት የወጣ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስፈጻሚው ነው። ልጅ የሚጫወተው ጨዋታ የሚሰበስበው ሁሉ የግል መረጃ ነው፤ የት እንደሚሳሳት፣ በስንት ሰዓት እንደሚጫወት፣ ምን ያህል እንደሚዘገይ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የልጁ ሙሉ ስም መጻፍ የለበትም፤ የትምህርት ቤት መለያ ቁጥር ይበቃል። ይህ ለአፋር ሌላም ጥቅም አለው። አንድ መሐመድ በአማርኛ አንድ ዓይነት፣ በአፋርኛ አጻጻፍ ሌላ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ሦስት ልጅ ሆኖ ይገኛልና።

በቅጂ መብት በኩልም ማስተዋል ይገባል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጨዋታ ስንገዛ የምንገዛው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ጨዋታውን አይደለም። ውሉ ስለ መዝገቡ ዝም ካለ ክርክሩ የሚነሳው ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ነው። ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

"ወንበር ሳይኖር ስታንዳርድ?"

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። አንድ አንባቢ "ልጆቹ ከዛፍ ሥር እየተማሩ፣ ውኃ በሌለበት፣ መምህር በሌለበት አገር ስለ ስኮርምና ኤክስኤፒአይ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?" ቢለኝ ተቃውሞውን አከብራለሁ። መምህርና ውኃ ይቀድማሉ። ታብሌት መምህርን ይተካል የሚለውንም አልቀበልም። ነገር ግን ታብሌቱ እኛ ብንከራከርም ባንከራከርም እየመጣ ነው። ስታንዳርድ መጠየቅ ያለብን ድሃ ስለሆንን ነው። ሀብታም አገር ያልተስማማውን ጥሎ ሌላ ይገዛል፤ እኛ የምንገዛው አንድ ጊዜ ነው።

ሌላው "ስታንዳርድ ካለ ሁሉም ይሠራል ወይ?" የሚለው ነው። አይሠራም። በስኮርም ተጠቅልለው የነበሩ ብዙ ጨዋታዎች በፍላሽ የተሠሩ ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽ ሲቋረጥ አብረው ሞተዋል። አዋሽ ራሷ ሌላ ምስክር አላት። ከእሷ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር በትክክለኛው የሐዲድ ልክ ተሠርቶ፣ የመጀመሪያው ክፍሉ ተጠናቆ ሳለ፣ በኤሌክትሪክ አቅርቦት ምክንያት ለዓመታት ባቡር ሳይሄድበት ቆይቷል። ልክ የሆነ ሐዲድ ያለ ኃይል ብረት ነው። ብዙ የታብሌት አምራቾች ዕቃቸው እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ድረስ እንዲሠራበት ይመክራሉ፤ ሰመራ ደግሞ ይህን ቁጥር በጠዋት ታልፈዋለች። የፀሐይ ኃይል፣ ጥላ ያለው ማስቀመጫና ጠጋኝ ባለሙያ አብረው ካልታሰቡ ስታንዳርዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስታንዳርድ ለውጭ ድርጅቶች በር ይከፍታል የሚለው ነው። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት ኢትዮጵያውያን ለልጆቻቸው በቋንቋቸው ጥሩ ነገር መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል። ገበጣን የፈጠረ ሕዝብ ልጅ ቁጥር የሚያስተምር ጨዋታ አያጣም። ነገር ግን አንድ የአገር ውስጥ ወጣት ጨዋታ ሠርቶ ለትምህርት ቤት ሲያቀርብ "ከድርጅታችን ሥርዓት ጋር አይሄድም" ከተባለ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ልኩ የታወቀ ከሆነ ግን ትልቁም ትንሹም እኩል ይወዳደራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የአዋሽና የሰመራ ፈተና

እንግዲህ ምን ይደረግ? የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ትምህርት ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት ተቀምጠው በማንኛውም የትምህርት ጨዋታ ግዥና የልገሳ ስምምነት ውስጥ የሚገቡ ጥቂት አንቀጾችን ቢያዘጋጁ ይበቃል። አንደኛ፣ ጨዋታው ኢንተርኔት በሌለበት ይሥራ፤ መዝገቡንም በታወቀ ክፍት ስታንዳርድ ይያዝ። ሁለተኛ፣ መዝገቡ የልጁና የትምህርት ቤቱ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ያለ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይረከባል። ሦስተኛ፣ በጨዋታው ውስጥ ያለው ጽሑፍና ድምፅ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ይቀመጥ፤ አፋርኛውን ለመጨመር ሻጩን መለመን አያስፈልግ። አራተኛ፣ የልጅ ስምና መልክ ከአገልግሎቱ ውጭ ለማንም አይተላለፍ፤ ማስታወቂያም አይግባ።

አምስተኛው ዋናው ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከመከፈሉ ወይም ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት አንድ ፈተና ይደረግ። አዋሽ ላይ አንድ ልጅ በአንዱ ድርጅት ታብሌት ግማሽ ሰዓት ይጫወት። መዝገቡ በኔትወርክም ይሁን በሚሞሪ ካርድ ወደ ሰመራ ይሂድ። ሰመራ ላይ በሌላ ድርጅት ሥርዓት የሚሠራ መምህር መዝገቡን ከፍቶ ልጁ የት ላይ እንደደረሰና የት ላይ እንደተቸገረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። መናገር ከቻለ ይፈረም፤ ካልቻለ ዕቃው ይመለስ። ይህን ፈተና ለመስጠት የኮምፒዩተር ዲግሪ አያስፈልግም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ራሱ ሊያየውና ሊፈርምበት ይችላል።

ይህ ልመና አይደለም። ለጋሽ እንኳ ቢሆን ስጦታው ለተቀባዩ እንዲጠቅም መጠየቁ ነውር የለበትም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታየው የተባለው በእኛ ላይ እንዳይደርስ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ውሉ ይነበብ። ምድሪቱ ነገ ከነገ ወዲያ አትንቀጠቀጥም የሚል ዋስትና የሰጠን የለም። ዝናቡም የት እንደሚጥል አናውቅም። ቤተሰቡ ሲነሳ ልጅቱ ከግመሉና ከአገልግሉ ጋር የአራት ወር ዕውቀቷንም ይዛ እንድትነሳ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

ቸር ያሰንብተን።